ከሶለል እስከ መስቀል፦ የራያ ቆቦ ክረምት አወጣጥ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

  

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ክረምቱ መውጫ ነው። ስለ መግቢያው ወሬ አይጠፋም። ሰኔ ሲያልቅ ገበያውም፣ ዕድሩም፣ እኛ የሬዲዮ ሰዎቹም «ገባ ወይስ አልገባም?» እንላለን። ሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት በደንብ ከጣለ ጥያቄው ይረሳል፤ ሰዉም ተመስገን ብሎ ወደ አረሙ ይሄዳል። የራያ ቆላ የዓመት ፍርድ የሚሰጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ልጃገረዶቹ ነሐሴ 16 ቀን ሶለል ብለው ሲወጡ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል፤ ላየው ሁሉ ያማረ ነው። መስከረም 17 መስቀል ሲከበር ያው ማሽላ ወይ ፍሬ ቋጥሯል፣ ወይ ዘለላው ባዶ ሆኖ ቀርቷል። በመካከል ያለው ጊዜ ጳጉሜን ጨምሮ 36 ቀን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለነዚህ ቀናት ነው፤ ዝናቡ ለምን ያኔ እንደማይታመን፣ ትንበያው ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን፣ ገበሬውስ በእጁ ምን እንዳለ።

በመጀመሪያ ያለንበትን ቦታ እንይ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,470 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ ተገትሯል፤ ከዚያም ወዲያ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከዞብል ወዲያ አፋር ነው። ሜዳው በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ነው። በዓመት በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል፤ ያም በበልግና በክረምት ተከፍሎ ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደምታገኝ ካሰብን፣ እኛ በግማሽ ዝናብ ነው የምናርሰው። ግማሽ ዝናብ ያለው አገር ደግሞ የሚባክን ቀን የለውም።

ክረምት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ሲወጣ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ይጀምራል። ይህ ማለት እኛ ዘግይቶ ከሚደርሳቸው፣ ቀድሞም ከሚለያቸው ወገን ነን። ምክንያቱ ይህ ነው። ፀሐይ እስከ ሰኔ አጋማሽ ወደ ሰሜን ስትሄድ የዝናብ ቀበቶ የምንለውን፣ ነፋሳት የሚገናኙበትንና አየር ወደ ላይ የሚነሳበትን መስመር ይዛ ትሄዳለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መስመሩ ከእኛ አልፎ ወደ ሰሜን ይርቃል፤ እርጥብ ነፋስም ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ እየነፈሰ ደጋውን ይወጣል። ያ ነፋስ ግን ራያ ሜዳ ላይ ከመድረሱ በፊት ሲወጣ የከረመበትን ተራራ አጥቦ ነው የሚመጣው። ከላይ ጥሎ የተረፈውን ነው እኛ የምናገኘው። ነሐሴ ሲጋመስ ፀሐይ ወደ ደቡብ ማዘንበሏ ይታወቃል፤ ቀበቶውም ይከተላታል፤ ደረቁ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ሁለቱ ነፋሳት የሚገፋፉባቸው ቀናት እንግዲህ የእኛ 36 ቀናት ናቸው።

መገፋፋት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ክረምቱ በአንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ አይሄድም። አምስት ቀን ጸጥ ይላል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሽማግሌዎቹ «ወጣ» ይላሉ። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ደመና ይደራረብና አንዱን ቀበሌ አጥቦ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። የቀበቶው ጫፍ ላይ መሆን ማለት ይኸው ነው። መሃሉ ላይ ያለ አገር ቀበቶው 100 ኪሎ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል አይሰማውም። ጫፉ ላይ ላለ ግን ያቺ ርቀት ዝናብና ፀሐይ ናት።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ማሳው እንግባ። ስሌት እንሥራ፤ እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ተከተሉኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ጥማድ መሬት የሄክታር ሩብ፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ 10 ሚሊ ሜትር የጣለ ዝናብ 25,000 ሊትር ውሃ አወረደ ማለት ነው። በ200 ሊትሩ በርሜል ሲቆጠር 125 በርሜል ይሆናል። ይህን ያህል ውሃ በአህያ ጭኖ ማድረስ የሚችል ሰው የለም።

ማሽላ በሚያብብበት ጊዜ በእኛ ሙቀት በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል። ፍሬው እየሞላ ሲሄድ ፍጆታው ይቀንሳል። ከአበባ እስከ ፍሬው ማብቃት 40 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በአማካይ በቀን 5 ብንይዝ በጠቅላላው 200 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ከሰማይ መምጣት የለበትም፤ መሬቱም ያጠራቀመው አለ። የሜዳው ጥቁር ዋልካ አፈር በደንብ ከጠገበ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ድረስ ለሰብሉ የሚሆን 150 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል። በወንዞቹ ዳር ያለው አሸዋማ መሬት የዚህን ግማሽ ከያዘ ጥሩ ነው። እንግዲህ አስሉት። ለሶለል ዋልካው ጠግቦ ከደረሰ የሚጎድለው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት ደህና ዝናብ ይበቃዋል። አሸዋማው ግን ቢያንስ ስድስት ይፈልጋል። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ቀን ዘርተው፣ እኩል ዝናብ አግኝተው፣ አንዱ ሲያፍስ ሌላው አገዳ ብቻ የሚሰበስብበት ሚስጥር ከዚህ ስሌት ውስጥ ይገኛል። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ ከማሳ ማሳ፣ ከዘር ዘር ይለያያሉ። መንገዱን ግን ያሳያሉ።

ማሽላው ራሱም ይናገራል። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ተጠቅልሎ አመሻሽ ላይ ከተዘረጋ ውሃ አጥሮታል እንጂ ገና አልተጎዳም። ማለዳም ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሥሩ የሚያነሳው ነገር አላገኘም። ከዚያ ፍሬዋን ተመልከቱ። ከዘለላው መሃል አንዲት ፍሬ ነቅላችሁ በጥፍር ጫን በሉ። ወተት ከወጣ ገና ነው፤ ዝናብ ይፈልጋል። እንደ ሊጥ ከሆነ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ፍሬዋ ጠንክራ ከዘለላው ጋር የተያያዘችበት ግርጌዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ከታየ ግን በእናቲቱና በፍሬዋ መካከል ያለው መንገድ ተዘግቷል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚዘንብ ዝናብ ለዚያ ማሽላ አንዲት ግራም አይጨምርለትም። «ዝናቡ ቀድሞ ወጣብን» ለማለትም፣ «አልጎዳንም» ለማለትም መለኪያዋ ይቺ ነጥብ ናት።

እዚህ ላይ ስለ አገሬው ዘር ጥቂት ልበል፤ ሲነቀፍ ስሰማ ደስ ስለማይለኝ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉት የራያ ማሽላዎች በበልጉ፣ ሚያዝያ አካባቢ ተዘርተው እስከ ኅዳር ይቆማሉ። «ቀርፋፋ ናቸው» ይባላሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ነባር ማሽላዎች የሚያብቡት ከተዘሩ ጀምሮ ቀን ቆጥረው አይደለም። የቀኑን ርዝማኔ ያያሉ። ቀኑ እያጠረ መሆኑን ሲያውቁ ነው ወደ አበባ የሚሄዱት፤ ስለዚህ ቀድሞ የተዘራውም ዘግይቶ የተዘራውም በተቀራረበ ጊዜ ያብባል። ይህ የዘመናት የገበሬ ምርጫ ውጤት ነው። አበባው ከከባዱ ዝናብ በኋላ፣ ደረቁ ሳይበረታ እንዲሆን ተደርጎ ተመርጧል። ችግሩ እነሱ የሚያውቁት የድሮውን መውጫ መሆኑ ነው። ፀሐይ ቀጠሮዋን አታዛባም፤ ዝናቡ ግን ያዛባል። ቀኑን አይቶ የሚያብብ ተክል ዘንድሮ ዝናቡ በጳጉሜ እንደሚቆም የሚነግረው ነገር የለም።

አገዳውንም አትርሱ። ከብቱ የሚበላው፣ አጥሩ፣ ማገዶው ከዚያ ነው። አጭር ማሽላ ቶሎ ደርሶ ከድርቅ ያመልጣል፤ በአገዳ ግን አይወዳደርም። ባለሙያ ሁሉ ይህን ሒሳብ ውስጥ ሳያስገባ «ምነው አዲሱን ዘር አልወሰዳችሁም?» ሲል ገበሬው ዝም የሚለው መልስ አጥቶ አይደለም።

(ሙዚቃ)

አሁን ትንሽ ራቅ ብለን እንሂድ። በክረምት መውጫ ግራ የሚጋባው የራያ ገበሬ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ ሰዎች በበረዶ ላይ ሸርተቴ ሊጫወቱ የሚሄዱባቸው ከተሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከፍታቸው ከቆቦ ብዙም አይርቅም። ዕረፍቱ የሚያዘው ከወራት በፊት ነው፤ ገንዘቡም ይከፈላል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው አያውቅም። ማለዳ በረዶው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያድራል፣ ቀትር ላይ ቀልጦ ይጨማለቃል፤ አንዳንድ ሳምንት ከታች ዝናብ ሲጥል ከላይ ባለው ጫፍ አዲስ በረዶ ይወርዳል። አየሩ አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ልምድ ያላቸው ከፍ ያለውን ቦታና ፀሐይ የማታገኘውን የሰሜን ቁልቁለት ይመርጣሉ። ወቅቱን መቆጣጠር ስላልቻሉ ቦታውን መረጡ ማለት ነው። የእኛ ገበሬ ዋልካውን ለማሽላ፣ አሸዋማውን ቶሎ ለሚደርስ ሰብል ሲመድብ ያደረገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እነሱ የሚከስሩት የዕረፍት ሳምንት ነው።

ኢትዮጵያም እኮ በዚያ በረዶ ላይ ተወክላለች። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ አገራችንን ወክሎ በረጅም ርቀት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል፤ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የተሰለፈው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በካናዳ ቫንኩቨር ነበር። የዚያ ዓመት ውድድር በሌላም ነገር ይታወሳል፤ ሳይፕረስ በተባለው ተራራ ላይ በረዶ ጠፋ። አዘጋጆቹ ከሩቅ በረዶ በጭነት መኪናና በሄሊኮፕተር እያመጡ፣ ሥሩን በጭድ እየሞሉ ነው ሜዳውን ያዘጋጁት። ክረምቱ የሞቀበት አንዱ ምክንያት ኤል ኒኞ ነበር፤ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የሰላማዊው ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሠተው ክስተት ማለት ነው። ያው ኤል ኒኞ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ክረምት፣ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናቡ ደካማና የተቆራረጠ ሲሆን እየበረታ ነበር። ካናዳ በረዶ ሲጠፋ ራያ ዝናብ ሲጎድል፣ ከአንድ ውቅያኖስ የተላከ መልእክት ሁለት ቦታ ደረሰ።

ይበልጥ የከፋው በ2007 ዓ.ም. ክረምት መጣ። ያ ኤል ኒኞ ከተመዘገቡት ብርቱዎች አንዱ ነው። ራያ ቆቦን ጨምሮ የምሥራቅ አማራ ቆላዎች ክፉኛ ተመቱ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ዕርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ከድቶ በማግሥቱ ዓመት በኮረምና በአካባቢያችን የደረሰውን ረሃብ ለእናንተ ማስታወስ አያስፈልገኝም፤ ያየ ሰው በየቤቱ አለ።

ታዲያ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ወይ? ይህ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ሦስት ሣጥን አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ክረምት «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ቢል ብዙ ሰው የሚሰማው «ዘንድሮ ይዘንባል» የሚለውን ነው። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ምልክት ከታየባቸው አምስት ዓመታት በአንዱ ዝናቡ ሊጎድል ይችላል እያለ ነው። አንዱ ዓመት ዘንድሮ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ይህ ትንበያ የሚናገረው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥለው ጠቅላላ መጠን ነው። ሐምሌ ላይ እንደ ጉድ ዘንቦ ጳጉሜ ላይ ቀጥ ቢል ድምሩ «መደበኛ» ሊሆን ይችላል። ድምሩ መደበኛ፣ ጎተራው ባዶ!

እኔ እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታዬም በራሳችን፣ በመገናኛ ብዙኃን ላይ ነው። የወቅቱን ትንበያ በግንቦት መጨረሻ አንድ ጊዜ ካስነበብን በኋላ ነሐሴ ላይ የምንመለስበት ጥቂቶች ነን። ለመውጫው የሚሆነው መረጃ ግን ያኔ ነው የሚመጣው። ኢንስቲትዩቱ በየአሥር ቀኑ የአየር ሁኔታና የግብርና መግለጫ ያወጣል፤ የአጭር ጊዜ ትንበያ ደግሞ ከወቅቱ ትንበያ ይልቅ የሚታመን ነው። ከአሥር ቀን በላይ ሲርቅ እምነቱ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ከሶለል ጀምሮ የግብርና ልማት ሠራተኛችሁን «ክረምቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «የሚመጣው አሥር ቀን ምን ይላል?» በሉት። መልስ ሊሰጥበት የሚችለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ትንበያው እስከዚህ ድረስ ነው። ቀሪው በእጅ የሚሠራ ነው፤ አብዛኛውም ከሶለል በፊት መሠራት ያለበት።

ሽልሻሎ ታውቃላችሁ፤ ማሽላው ጉልበት ሲያልፍ በሬ ጠምዶ በመሃሉ ማረስ። አረሙን ይገለብጣል፣ የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፣ አፈሩንም ከፍቶ ውሃ ያስገባል። በእኔ አስተያየት ከሽልሻሎው ጋር ቦዩን ማሰር ቢጨመርበት ከሁሉ ይልቅ ርካሽ የሆነው መድን እሱ ነው። ማሰር ማለት በመደቦቹ መካከል ያለውን ቦይ በየጥቂት እርምጃው በአፈር እየዘጉ ትንንሽ ገንዳ ማድረግ ነው። በቆቦ የምርምር ጣቢያ ጭምር ለብዙ ዓመት የተሞከረ ዘዴ ነው። ነሐሴ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ሲወርድ፣ ባልታሰረ ማሳ አብዛኛው ተንደርድሮ ወደ ወንዙ ይሄዳል። በታሰረው ግን ቆሞ ይሰርጋል። ያኔ ያሰራችሁት ውሃ ነው ለመስከረም 10 የሚደርሰው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሜዳ በሆነና ውሃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ አትሰሩ፤ ሥሩን ያፍነዋል።

ከዚያ ጎርፉ አለ። ራያ ለዚህ ጌታ ነው። ሆርማት፣ ጎሊና፣ አላውሃ ከደጋው ወርደው ሜዳውን ቆርጠው ወደ አፋር ያልፋሉ። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ የጣለው ሲመሽ፣ አንዳንዴም ሌሊት፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል። ከላይ ያሉት ሲደውሉ ወይ ሲጣሩ የታችኛው ገበሬ አካፋና ባትሪ ይዞ ይወጣል። በአሸዋና በቅርንጫፍ የተሠራው ጠለፋ ጎርፉን አንገቱን ይዞ ወደ ቦዩ ያዞረዋል፤ ከቦዩ ወደ ማሳው፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው። አንድ ጊዜ በደንብ የጠጣ ዋልካ ሰማዩ ሁለት ሳምንት ቢዘጋበትም ይችላል። ችግሩ የነሐሴው ታላቅ ጎርፍ ራሱ ጠለፋውን ጠርጎ መሄዱ ነው፤ የኋለኛውና ትንሹ ጎርፍ ሲመጣ የሚያዞረው የለም። የመስከረም ጎርፍ ትንሽም ብትሆን ዋጋዋ ከሐምሌው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለጠለፋው የሚወጣው የደቦ ጉልበት ግማሹ ለጳጉሜ መቆየት አለበት እላለሁ። ጎርፉን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በበዓል ሰሞን ሰው ማውጣት ግን እንደማይቀልም ያውቃሉ።

የጉድጓድ ውሃም አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት በከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተመሠረተ መስኖ ለብዙ ቀበሌዎች አምጥቷል። መስኖ ያለው ማሳ ብዙውን ጊዜ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ይያዛል፤ ገንዘቡ እዚያ ስላለ። ነገር ግን ማሽላው አብቦ ዝናቡ ሲቆም አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ ማጠጣት ብቻ ምርቱን ከመጥፋት ሊያድነው ይችላል። ሙሉ በሙሉ በመስኖ ማምረትና በመጨረሻው ሰዓት ዝናቡን መደገፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ውሃው ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ያደርጋል።

ስለ ዘሩ በአጭሩ። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለእኛ ዓይነት ቆላ የሚሆኑ ቶሎ የሚደርሱ ማሽላዎችን አውጥቷል፤ አንዳንዶቹ ጎብዬ፣ ሆርማት፣ ጊራና እየተባሉ በራሳችን ቦታዎች ነው የተሰየሙት። ጎብዬ አቀንጭራ የሚባለውን አረምም ይቋቋማል። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ሥራቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። እንግዲህ ደጋሊቱን ጥላችሁ ሁሉን በአዲሱ ሸፍኑ አልልም። በልጉ ከገባና በሚያዝያ መዝራት ከተቻለ ለዋልካው ደጋሊት፣ ለአሸዋማው ቶሎ ደራሽ ማሽላ ወይም ማሾ። በልጉ ከቀረ ሐምሌ ላይ ረጅሙን ዘር መዝራት ከመስቀል በኋላ በሚመጣ ዝናብ ላይ መወራረድ ነው፤ ያ ዝናብ በአብዛኛው ዓመት አይመጣም።

አልፎ አልፎ ደግሞ ይመጣል፤ መዘዙም ሌላ ነው። ከመስቀል በኋላ የሚዘንብ ዝናብ ቀድሞ የደረሰውን ነጭ ማሽላ ያሻግታል፣ የታጨደ ጤፍ ያጠቁራል። ለሽንብራ ግን መልካም ነው፤ ዋልካው ባስቀረው እርጥበት ላይ ይበቅላል። እዚህ ላይ መፍጠን ነው። ጥቁሯ ነጥብ የታየችበት ማሽላ አገዳው እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ ዘለላውን ቆርጦ ማስጠለል ይቻላል። ግሪሳውም ቢሆን የሚጠብቀው የእናንተን መዘግየት ነው።

የመጨረሻው ነገር የእኛው በረዶ፣ ከዝናብ ጋር የሚወርደው ነው። በረዶ የሚሠራው መሬቱ በጣም ሲሞቅና ከላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ በሚነሳ ብርቱ ደመና ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው አየር የዝናቡን ጠብታ ውሃ ወደሚረጋበት ከፍታ ያወጣዋል፤ ጠብታው ይረጋል፣ ሌላ ውሃ ይለብሳል፣ ሲከብድ ይወድቃል። በግዳንና በላስታ ደጋ ላይ የሚወርደው አጭር መንገድ ስላለው በረዶው እንዳለ ይደርሳል። ወደ ቆቦ ሜዳ ግን ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሙቅ አየር ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ብዙው ቀልጦ ዝናብ ሆኖ ያርፋል። ለዚህ ነው በረዶ ቆላ ላይ የሚያንሰው፤ ሳይቀልጥ ከደረሰ ግን ከላይ ሲነሳ ትልቅ የነበረ ነው ማለት ነው፤ ቅጠሉን እንደ ቃጫ ሰነጣጥቆት ይሄዳል።

በረዶ የመታው ማሽላ ገና ዘለላ ካላወጣ ጥቂት ቀን ታገሡት፤ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል። ካበበ በኋላ ከተመታ፣ አገዳውም ከተሰበረ፣ ፍሬ መጠበቅ ትርፍ የለውም፤ ለከብት መኖ ማዋል ይሻላል። እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ለጋ ማሽላ፣ በድርቅ ተጎድቶ የጠወለገ ማሽላ፣ ከተቆረጠ ወይም ከተሰበረ በኋላ ያቆጠቆጠ ማሽላ ከብት ሆድ ሲገባ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል። ላም በደቂቃዎች ውስጥ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች። ስለዚህ ከብቱ የተመታው ማሳ ውስጥ እንዳይለቀቅ፤ የተራበ ከብት ደግሞ በፍጹም። አገዳው ይታጨድ፣ ተበትኖ በፀሐይ እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ ሲደርቅ መርዙ በአብዛኛው ይጠፋል። ያቆጠቆጠውም ከጉልበት በላይ በደንብ እስኪረዝም አይበላ። ምልክቱ የታየበት ከብት ካለ የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይጠራ፤ መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ከተሰጠ ነው።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)